ውል ለምታረቅቁ ልጆቼ፦ ከሄግራ መቃብር ደጃፍ የተማርኩት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ውልና ኑዛዜ በማርቀቅ ነው። ከሁሉም የምወደው ሰነድ ግን ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ነው።

ናባታውያን የሚባሉትን ጥንታዊ የዐረብ ሕዝብ፣ ዛሬ ዮርዳኖስ ውስጥ ባለችው፣ ከቋጥኝ በተፈለፈለችው ከተማቸው በፔትራ ታውቋቸዋላችሁ። ሄግራ የምትባል ሌላ ከተማም ነበረቻቸው። ዛሬ ሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ፣ አል ኡላ አጠገብ ናት። እዚያ ከ100 በላይ መቃብሮች ከቋጥኝ ተፈልፍለዋል። ጠራቢዎቹ ከላይ ጀምረው ወደ ታች ይወርዱ ነበር። ቃስር አል ፋሪድ የተባለው መቃብር ሳያልቅ ስለቀረ ይህ በደንብ ይታያል፤ ላዩ ጥርት ብሎ ተጠርቧል፣ ታቹ ገና ሻካራ ነው።

ፔትራ ውስጥ ጽሑፍ ያለው መቃብር ጥቂት ነው። ሄግራ ላይ ግን ብዙ ባለቤቶች መብታቸውን ከነቀኑ በራቸው ላይ አጽፈዋል።

ካምካም የምትባል ሴት ከሴት ልጇ ከኩለይባት ጋር ያሠራችውን መቃብር ላሳያችሁ። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ የተጻፈው የናባታውያን ንጉሥ አሬታስ 4ኛ በነገሠ በ9ኛው ዓመት ነው፤ የክርስቶስ ልደት ዘመን ገደማ መሆኑ ነው። (ሐዋርያው ጳውሎስን በደማስቆ ሊይዘው የፈለገው ገዢ የዚሁ ንጉሥ ሹም ነበር።) ጽሑፉ የእናቷንና የአያቷን ስም ይጠራል፤ የባል ስም የለበትም። ከዚያ መቃብሩን የሸጠ፣ የገዛ፣ በመያዣ የሰጠ፣ በስጦታ ያስተላለፈ፣ ያከራየ፣ ሌላ ሰነድ የጻፈበት፣ አስከሬን ያወጣበት ሁሉ በአማልክቱ ይረገም ይላል።

እርግማን ብቻውን አልበቃትም። የጣሰ ሰው ለቤተ መቅደሱ ካህን 1,000 የዚያ ዘመን የብር ሳንቲም ይቀጣል። እንዲህ ሲሆን ጉዳዩን የሚከታተል ሰው አለ ማለት ነው። እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን መጨረሻው ነው፦ ከካምካም ወይም ከልጇ እጅ የተጻፈ ሰነድ ይዞ የመጣ ሰው፣ ሰነዱ ይጸናለታል። የሌላውን በር ሁሉ ዘግታ የራሷን እጅ ግን አላሰረችም! ስንት የተማረ ጠበቃ ይህችን አንዲት አንቀጽ ይረሳል።

ሌላ መቃብር ላይ ደግሞ የጽሑፉ ግልባጭ በቤተ መቅደስ መቀመጡ ተገልጿል። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ የምትሰለፉት ለዚሁ ነው።

ቢሯችሁ የሚመጣ ቤተሰብ «እኛ እኮ ወንድማማች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይላችኋል። እሺ አትበሉ። አንድ መስመር ባለመጻፉ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰላም የማይባባሉ ወንድማማቾች ስንት አይቻለሁ። ቢሸጥስ? ቢከራይስ? እናንተ ራሳችሁ ሐሳብ ብትቀይሩስ? እስኪሰለቻቸው ጠይቁ። ሰው ይህን በእርጋታ የሚመልሰው ሳይጣላ ነው።

የካምካምን ጽሑፍ ትርጉም ፈልጋችሁ አንብቡ፤ አንድ ገጽ አይሞላም። ከዚያ የመጨረሻ ረቂቃችሁን አውጡና «በመያዣ ቢሰጥስ?» ለሚለው መልስ እንዳለው እዩ።