ከአራዳ ወደ አዘዞ መስመር ልጆችን ይዞ ስለ መውጣት፤ ለጠያቂዋ እህታችን

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት። እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው ከአራት ዓመት ሴት ልጅዎና ከዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅዎ ጋር እንደሚኖሩ፣ ልጆቹ መጫወቻ አጥተው በር ተዘግቶባቸው እንደሚውሉ፣ ከማራኪ አልፎ ወደ አዘዞ በሚወስደው መስመር ግን ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ቤት በተቀራራቢ ኪራይ እንዳገኙ ገልጸው፣ «ሰፈሩ ለልጆች ይመቻል የሚባለው እውነት ነው ወይ?» ብለዋል። እኔና ባለቤቴ ሦስት ልጆቻችንን የምናሳድገው በዚሁ መስመር በሚገኝ የማኅበር ቤቶች ሰፈር ስለሆነ፣ የኖርሁበትን ያህል ልጻፍልዎ።

ለልጆቹ ይመቻል። ለእርስዎ ይመች እንደሆነ ግን ቤቱን በማየት ብቻ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ርቀቱን በየቀኑ የሚሸከመው ማን እንደሆነ ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ ከወሰናችሁ በኋላ ነው።

ጎንደር በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲለደስ የተቆረቆረችው በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ነው። ጣሊያን ፒያሳን የሠራው፣ ከዚያም በኋላ ቤት በቤት ላይ እየተደገፈ የተሠራው በዚያው ጠባብ ቦታ ስለሆነ፣ ከተማዋ ስትሰፋ መሬቱ ሜዳ ወደሚሆንበት ወደ ደቡብ መውረዷ የግድ ነበር። ስለዚህ እርስዎ ያገኙት ዓይነት ግቢ ያለው ቤት የሚገኘው ከከተማው መሀል ወደ አዘዞ በሚወስደው 12 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግራና ቀኝ መሆኑ አያስገርምም። ስፋቱን የሰጠን ይኸው ርቀት ነው፤ ሁለቱ ተለያይተው አይመጡም።

ልጆቹ የሚያገኙት ትልቁ ነገር ደጅ ነው። የእኛ መንደር መንገድ መጨረሻው የተዘጋ በመሆኑ ከነዋሪዎቹ ባጃጅ በቀር ተሽከርካሪ አይገባበትም፤ ከትምህርት ቤት መልስ ከፊሎቹ በካልሲ ኳስ፣ ከፊሎቹ በሱዚና በሰኞ ማክሰኞ መንገዱን ሞልተውት ያመሻሉ። ከጎናችን የሚኖሩት እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ ዓይናቸው ከሰፌዱ ይልቅ ልጆቹ ላይ ነው። አንድ ቀን ታናሹ ልጄ ከማያውቀው ልጅ ጋር ወደ ወንዙ ሲያመራ አይተው፣ ሰፌዱን አስቀምጠው ተከትለው መለሱትና «እናትህ ሳትኖር ከዚህ ድንጋይ አታልፍም!» ብለው ወሰን አበጁለት። ዛሬ ያ ድንጋይ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ወሰን ሆኗል፤ ትልልቆቹ ራሳቸው ትንንሾቹን ከዚያ ይመልሷቸዋል። አራዳ ሳለን በር ዘግቼ እጠብቀው የነበረውን ልጅ እዚህ ሰፈሩ ሲጠብቅልኝ ማየቴ ለእኔ ከግቢው ስፋት ይበልጥብኛል።

ይህ ግን ከቤቱ ጋር አብሮ የሚከራይ አይደለም። እንዲህ ያለው አዲስ ሰፈር ሰው ከደንቢያም፣ ከበለሳም፣ ከወገራም፣ ከመሀል ከተማም መጥቶ የሰፈረበት ስለሆነ፣ ያልተዋወቀ ጎረቤት ለዓመት ያህል ከሰላምታ ሳያልፍ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ዕቃዎን ባወረዱ በመጀመሪያው ሳምንት ቡና አፍልተው ግራና ቀኝ ያሉትን ይጥሩ፤ ተከራይ ነኝ ብለውም ከእድሩ አይቅሩ። ተከራይ የማይቀበል እድር ካጋጠመዎ እንኳ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ውስጥ ይገኙ፤ ልጆችዎን የእርስዎ ልጆች መሆናቸውን ሰው የሚያውቀው እርስዎን ሲያውቅ ነው። አንድ ጉድለት ደግሞ አለ፤ በአዲስ ሰፈር አያት የለም። ነዋሪው በአብዛኛው ባልም ሚስትም ሥራ የሚውሉበት ወጣት ቤተሰብ ነው። አራዳ ላይ «እትዬ፣ አንድ ጊዜ ልጄን ይያዙልኝ» ብለው የሚሮጡባቸው አሮጊት እዚህ ቶሎ አይገኙም፤ እኔ ከላይ የጠቀስኋቸውን ጎረቤት በማግኘቴ ዕድለኛ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የልጆች ነገር በቀን ስንት ጊዜ ከቤት እንደሚያስወጣ መሀል ከተማ ላይ ሆኖ አይታወቅም፤ ደብተር ሲያልቅ ሱቁ ከታች፣ ልጅን ሲያተኩሰው ክሊኒኩ ከማዶ ነውና። እዚህ ግን እያንዳንዱ ጉዳይ መንገድ ነው። ልጆችዎን አሁን በሚማሩበት ትምህርት ቤት ለማቆየት ካሰቡ፣ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቁርሳቸውን አብልተው፣ ምሳ ዕቃቸውን አሲዘው በር ላይ ማቆም ይኖርብዎታል። በወር የሚከፈለው የኮንትራት ባጃጅ ጥሩ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ባለባጃጁ ነዳጅ ሰልፍ ላይ የሚያድርበት፣ ጎማው የሚፈነዳበት፣ ለቅሶ የሚሄድበት ቀን አለ። በዚያን ጊዜ ሥራውን ትቶ ልጆቹን የሚያደርሰው ማን ነው? በማውቃቸው ቤቶች ሁሉ ማለት ይቻላል እናትየዋ ናት። ባለቤትዎ በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ እንደሚሠሩ ጽፈዋል፤ ለእርሳቸው ሥራቸው ቀርቦላቸዋል ማለት ነው። እርስዎ የት እንደሚሠሩ አልጻፉም። ሥራዎ ፒያሳ ወይም ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ከሆነ፣ ቤት መቀየሩ የእርሳቸውን ቀን አሳጥሮ የእርስዎን ያስረዝማል። እኛ ቤት የጠዋቱን ባለቤቴ፣ የከሰዓቱን እኔ እንድንይዝ፣ ድንገት ልጅ ሲታመም ደግሞ በተራ እንድንቀር ተስማምተን ነው የገባነው፤ ስምምነቱ ባይኖር ኖሮ ይህ ግቢ ያስመርረኝ እንደነበር አልጠራጠርም።

ከሁሉም የሚሻለው ትምህርት ቤቱንም አብሮ መቀየር ነው። ብዙ ወላጅ በዚህ እንደማይስማማ አውቃለሁ፤ ስመ ጥር የሆነውን የከተማ ትምህርት ቤት መልቀቅ የልጅን ዕድል መዝጋት የሚመስለው አለ። እኔ ግን ሁለቱን ትልልቆቹን በእግር ወደሚደረስበት ትምህርት ቤት ካዛወርሁ ወዲህ፣ በመንገድ ላይ ያልቅ የነበረው ጊዜ ለጥናትም ለእንቅልፍም ተመልሶላቸዋል፤ ማታ ደብተራቸውን ሲገልጡ አያንቀላፉም። አስተማሪዎቹን ሄደው ያነጋግሩ፣ ክፍሉ ስንት ተማሪ እንደሚይዝ ይዩ፣ ከዚያ ይወስኑ። ለአራት ዓመቷ ልጅዎ ግን ምርጫ ያለ አይመስለኝም፤ በዚያ ዕድሜ ያለች ሕፃን በየቀኑ ያን ያህል መንገድ መመላለስ የለባትም።

ስለ ጤናም ላንሣ። ትልቁ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ያለው ከተማው ውስጥ ስለሆነ፣ ቤት ከመያዝዎ በፊት ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ የት እንደሆነና ማታ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ፤ በሌሊት ሲደወልለት የሚመጣ ባለባጃጅም ከሰፈሩ ይወቁ። አዘዞ ከመሀል ከተማው ዝቅ ያለና ለደንቢያ ሜዳ የቀረበ በመሆኑ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በተለይ፣ ወባ ያጋጥማል። አራዳ ላይ ትኩሳትን ጉንፋን ነው ብለው ያሳልፉት ይሆናል፤ እዚህ ልጅ ሲያተኩሰው በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር። አጎበርም ይኑራቸው።

ውኃ በፈረቃ ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ የከተማው ሕዝብ ደግሞ እየጨመረ በመሄዱ ችግሩ የመላው ጎንደር ነው፤ ሆኖም ሮቶ የሌለው ቤት ከልጆች ጋር አይያዝም። መሬቱ በብዙ ቦታ ዋልካ ነው፤ በክረምት ጫማ ይነቅላል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳንም አብሮ ይሰነጥቃል። ትምህርት ባለበት የዝናብ ወቅት፣ በሰኔና በመስከረም፣ ልጆቼ ቦት ጫማ አድርገው እስከ አስፋልቱ ይሄዱና፣ እዚያ ቆመው የትምህርት ቤት ጫማቸውን ከፌስታል አውጥተው ይቀይራሉ፤ ጭቃ የጠገበው ቦት ከሱቁ መደርደሪያ ሥር ያድራል፤ ባለሱቁም ለየልጁ ቦታ መድቦላቸዋል።

ስለ ጸጥታው ሳልጽፍ ባልፍ ደስ አይለኝም። ባለፉት ዓመታት ከተማችን የሕፃናት እገታ ያስለቀሳት ከተማ ናት፤ ይህ ስጋት አራዳም ሆነ አዘዞ የእናትን እንቅልፍ ይነሣል። ከከተማ ራቅ ባለ ሰፈር ደግሞ ማታ መንገዱ ቶሎ ጭር ይላል፤ ትራንስፖርትም ቶሎ ይጠፋል። የእኛ ሰፈር ሰዎች ገንዘብ አዋጥተን ጥበቃ ቀጥረናል፤ በየበሩም መብራት እንዲያድር ተስማምተናል። ልጅ ብቻውን ሱቅ አይላክም፣ ሲመሽም ደጅ አይቆይም። ሊገቡበት ያሰቡት ሰፈር እንዲህ ያለ ስምምነት ከሌለው፣ ኪራዩ ምንም ያህል ቢረክስ እኔ በበኩሌ ልጆቼን ይዤ አልገባም።

ቤቱን እንደገና ለማየት ሲሄዱ ደላላው በቀጠረዎ ሰዓት ብቻ አይሂዱ። አንድ ጊዜ ማለዳ የተማሪ መውጫ ሰዓት ላይ፣ አንድ ጊዜም አመሻሹ ላይ ከአስፋልቱ እስከ በሩ ድረስ ሴት ልጅዎን ይዘው በእግርዎ ይሂዱት። የግድግዳውን ማዕዘንና የአጥሩን ሥር ተሰንጥቆ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ፣ ሮቶው የማን ነው፣ ውኃ በየስንት ቀኑ ይመጣል የሚለውን ከአከራዩ ይልቅ ከጎረቤት ይጠይቁ። ውሉንም ከተቻለ ለስድስት ወር ያድርጉትና አንድ ክረምት ከነጭቃው ይዩት፤ የአሁኑ ትምህርት ቤት ምዝገባ ሳያልፍ ውሳኔዎን ካሳወቁ፣ ወንድ ልጅዎን በመስከረም አዲሱ ቦታ ለማስጀመር ጊዜ ይኖርዎታል። ስለ ሰፈሩ ትምህርት ቤቶች መጠየቅ ከፈለጉ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፤ ልጆቼን ሳዛውር ያነጋገርኋቸውን ሁሉ እነግርዎታለሁ።