ተራራ ለመከፋፈል ለምትነሱ ወጣቶች

አንዲት የጂኦግራፊ ተማሪ «የአልፕስ ተራሮች የሚከፈሉት በሁለት ነው ወይስ በሦስት? ትክክለኛው የቱ ነው?» ስትል ጻፈችልኝ። ልጄ፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1926 በጣሊያን የወጣው አከፋፈል ምዕራብ፣ መካከለኛና ምሥራቅ ብሎ በሦስት ይከፍላቸዋል፤ ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ማራትሲ በ2005 ያቀረበው ደግሞ በሁለት ከፍሎ በእነዚህ ሥር 36 ክፍሎችና 132 ንዑሳን ክፍሎች ይዘረዝራል። ጥያቄሽ የቀሰቀሰብኝ ቁጭት ግን ከአልፕስ የራቀ ነው።

በወጣትነቴ ካርታ በሚዘጋጅበት ክፍል ስሠራ ከጎኔ የሚቀመጡ አንድ አንጋፋ ካርታ ሠሪ ነበሩ። እርሳሳቸውን በምላጭ ነበር የሚቀርጹት፤ ጫፉ እንደ መርፌ ካልሾለ መስመር አይጀምሩም። የአንድ አትላስ የሂማላያ ገጽ ተሰጣቸው። መጀመሪያ ስስ ወረቀት ዘርግተው በሰማያዊ እርሳስ እንግሊዛዊው የመሬት ቀያሽ ሲድኒ ቡራርድ በወንዞች የለየውን አከፋፈል አሰፈሩ፦ ከኢንደስ ወንዝ እስከ ሰትለጅ ወንዝ የፑንጃብ ሂማላያ፣ ከሰትለጅ እስከ ካሊ የኩማኦን፣ ከካሊ እስከ ቲስታ የኔፓል፣ ከቲስታ እስከ ብራህማፑትራ የአሳም። በሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ ያንኑ ተራራ በቡናማ እርሳስ በርዝመቱ ከፈሉት፤ በደቡብ ዝቅተኛውን ሲዋሊክ፣ ቀጥሎ ንዑስ ሂማላያን፣ ከዚያ ታላቁን ሂማላያ። ወረቀቶቹን ሲደራርቧቸው እያንዳንዱ ቦታ ሁለት አድራሻ አገኘ። 2,400 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ተራራ ላይ «ሲዋሊክ» ብቻ ቢባል የት ጋ እንደሆነ አይታወቅም፤ «የኔፓል ሂማላያ» ብቻ ቢባልም ኮረብታው ይሁን ኤቨረስት አይለይም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም ነበር።

ኃላፊው መጥቶ ቡናማውን መስመር ተከተለና ቲስታ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። የሲዋሊክ መስመር እዚያ ላይ ተቋርጧል፤ ጥቂት አለፍ ብሎ እንደገና ይጀምራል። «ይህ ያላለቀ ሥራ ነው» አለና ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገው። የታተመው ሰማያዊው ብቻ ነው። ሽማግሌው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እኔም ያለቀ ያልመሰለኝን ሥራ ምክንያት አልጠየቅኋቸውም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው ነገሩን ያነበብኩት። የሲዋሊክ ኮረብታ በቲስታና በራይዳክ ወንዞች አካባቢ ከ80 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ርቀት የለም። መስመሩ የተቋረጠው ተራራው ስለተቋረጠ ነበር! ያን ጊዜ እሳቸው በሕይወት አልነበሩም። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ለምን አቆሙ?» ብል ምን ነበረበት? ጠረጴዛችን እኮ አንድ ነበር።

እናንተ ደግሞ ከእኔ ትብሳላችሁ፤ ትቸኩላላችሁ። ኮምፒውተሩ የከፍታ መረጃ ተቀብሎ ውሃ የሚከፍለውን ሸንተረር በደቂቃ ሲያወጣላችሁ፣ ድንበሩ ተገኘ ትላላችሁ። መሣሪያውን አልነቅፍም፤ በጊዜዬ ቢኖር ዓይኔን ባተረፈልኝ ነበር። ነገር ግን ሂማላያ ላይ ይህ መንገድ ያሳስታል። የሰትለጅና የአሩን ወንዞች የሚመጡት ከቲቤት፣ ከከፍተኛዎቹ ጫፎች ጀርባ ነው። ተራራው ከመነሣቱ በፊት ይፈስሱ ስለነበር መሬቱ ከፍ ሲል እነሱ እየቆረጡ ወረዱ። ውሃ የሚከፈልበት መስመርና የጫፎቹ መስመር እዚያ አይገናኙም።

ስለዚህ መስመሩን በጣታችሁ ሂዱበት። የማራትሲን ሁለት አልፕሶች የሚለየውን ውሰዱ፦ ከኮንስታንስ ሐይቅ በራይን ሸለቆ ሽቅብ፣ በስፕሉገን በር፣ ማለትም በተራሮቹ መካከል ባለው መተላለፊያ፣ ተሻግሮ ወደ ኪያቬና ቁልቁል፣ ከዚያ ኮሞ ሐይቅ። ሸለቆ፣ በር፣ ሸለቆ። ከዚህ በስተ ምሥራቅ 4,000 ሜትር የሚያልፈው የበርኒና ጫፍ ብቻ ነው፤ የቀሩት ሁሉ በስተ ምዕራብ ናቸው። ይህን የሚያህል ነገር በአንድ መስመር ሲለይ ማየት እስከ ዛሬ ያስደስተኛል።

ሁሉም ትክክል ነው ብያለሁ፤ ምረጥ ብባል ግን በዓለት ዓይነት ከሚከፍለው ይልቅ ወንዝና በር የሚከተለውን አከፋፈል እመርጣለሁ። የዓለት ድንበር ለማወቅ ድንጋይ መስበር ያስፈልጋል፤ ሸለቆን ግን ከተራራው ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ያየዋል። የጀርመን፣ የኦስትሪያና የደቡብ ቲሮል ተራራ ወጪዎች ማኅበራት በ1984 ምሥራቃዊውን አልፕስ በ75 ቡድኖች ሲከፍሉም በዋናነት የተመሩት በሸለቆ ነው፤ መስመሩን የሚጠቀምበት በእግሩ የሚሄደው ሰው ነበርና።