ፕሮግራሙ እየሠራ ሞጁል መጫን በፓይተን፦ ጥያቄና መልስ

ስማቸው አስቀድሞ ሳይታወቅ፣ ፕሮግራሙ ከተነሣ በኋላ ስለሚጫኑ የፓይተን ሞጁሎች (ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀምባቸው የኮድ ፋይሎች) የቀረቡ ጥያቄዎችን ተራ በተራ እመልሳለሁ። መልሶቹ ሁሉ ለፓይተን 3 ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሚጫነው ሞጁል ስም ከቅንብር ፋይል ተነብቦ በአንድ ተለዋዋጭ ውስጥ ይቀመጣል። ከ«ኢምፖርት» ቀጥዬ ተለዋዋጩን ስጽፍ ግን «እንዲህ የሚባል ሞጁል የለም» ይለኛል።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከ«ኢምፖርት» ቀጥሎ የሚጻፈው የሞጁሉ የራሱ ስም እንጂ ስሙን የያዘው ተለዋዋጭ አይደለም። ከፓይተን ጋር በሚመጣው «ኢምፖርትሊብ» በተባለ ላይብረሪ ውስጥ ያለውን «ኢምፖርት_ሞጁል» የተባለ ፋንክሽን ተጠቀም፤ ስሙን እንደ ጽሑፍ ተቀብሎ ሞጁሉን ይመልስልሃል። ከዚያ በኋላ «ጌትአትር» በሞጁሉ ውስጥ ያለውን ፋንክሽን ወይም ክላስ እንደዚሁ በስሙ ያወጣልሃል።

በቆዩ ጽሑፎች በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት የስር ሰረዝ ያለበትን «ኢምፖርት» ተጠቀሙ የሚል ምክር ታገኛለህ። አትከተለው። «ሪፖርት.ወርሃዊ.ደመወዝ» ብለህ ብትሰጠው የሚመልስልህ ላይኛውን «ሪፖርት»ን ነው፤ «ኢምፖርት_ሞጁል» ግን የፈለግኸውን «ደመወዝ»ን ይሰጥሃል።

ጥያቄ፦ ፋይሉን አስተካክዬ፣ ፕሮግራሙን ሳላጠፋ ደግሜ ኢምፖርት ባደርገውም የሚሠራው አሮጌው ኮድ ነው። ለምን?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነውና ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ፓይተን አንድን ሞጁል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጭን ፋይሉን ይፈልጋል፣ ባዶ የሞጁል ኦብጀክት ይፈጥራል፣ «ሲስ.ሞጁልስ» በተባለው ዲክሽነሪ ውስጥ በስሙ ይመዘግበዋል፣ በመጨረሻም ኮዱን ከላይ እስከ ታች ያስፈጽማል። በሁለተኛው ኢምፖርት መዝገቡን አይቶ ያንኑ ኦብጀክት ይሰጥዎታል፤ ፋይሉን ዞሮ አያየውም። ምዝገባው ከማስፈጸሙ እንደሚቀድም ልብ ይበሉ። ሁለት ሞጁሎች እርስ በርስ ሲጠራሩ አንዱ ሌላውን ገና በከፊል ተሞልቶ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

«ኢምፖርትሊብ.ሪሎድ» ኮዱን እንደገና ያስፈጽማል፣ ነገር ግን በዚያው በአሮጌው ኦብጀክት ውስጥ ነው። «ታክስ» የሚባል ሞጁል ውስጥ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመን በስህተት 0.10 ተብሎ ገብቶ ነበር እንበል። 0.15 ብለው አስተካከሉና «ሪሎድ» አደረጉ። «ታክስ.ተመን» እያለ የሚጠራው ፋይል አዲሱን ቁጥር ያገኛል። ሌላው ፋይል ግን ከመጀመሪያው «ፍሮም ታክስ ኢምፖርት ተመን» ብሎ ቁጥሩን ለራሱ ወስዷል፤ እርሱ ዘንድ ያለው አሁንም 0.10 ነው። የ1,000 ብር ዕቃ በአንዱ ገጽ 1,150፣ በሌላው 1,100 ብር ሆኖ ይወጣል፤ አንድም የስህተት መልእክት አይታይም። ከፋይሉ የሰረዙት ፋንክሽንም ከሞጁሉ አይጠፋም። ከ«ሪሎድ» በፊት የተፈጠሩ ኦብጀክቶች ደግሞ የአሮጌው ክላስ ልጆች ሆነው ይቀራሉ፤ በ«ኢዝኢንስታንስ» ቢጠይቁ የአዲሱ ክላስ አይደሉም ይባላሉ።

ስለዚህ በመለማመጃ መስኮት ላይ «ሪሎድ»ን እንደ ልብዎ ይጠቀሙበት። የሰው ገንዘብ በሚያሰላ ሰርቨር ላይ ግን አይንኩት፤ ፕሮግራሙን አጥፍተው ያስነሡት። የጃንጎ (በፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ) የልማት ሰርቨር እንኳ ፋይል ሲቀየር ፕሮሰሱን በሙሉ እንደገና ያስነሣል እንጂ በ«ሪሎድ» አይታመንም።

ጥያቄ፦ መዝገቡ ላይ ያለውን ስም ብሰርዘውስ?

መልስ፦ የሚቀጥለው ኢምፖርት አዲስ ኦብጀክት ይፈጥራል። አሮጌውን የያዘ ሌላ ሞጁል ካለ ግን አሮጌውም በሕይወት ይቆያል፤ በአንድ ስም ሁለት ሞጁል ይኖርዎታል ማለት ነው። ይህ ከ«ሪሎድ» ይብሳል።

ጥያቄ፦ ፕለጊኖችን (በፕሮግራሙ ላይ የሚታከሉ ተጨማሪ ክፍሎችን) ከአንድ ፎልደር መጫን እፈልጋለሁ። ፎልደሩ በፓይተን መፈለጊያ መንገድ ላይ የለም። ቀድሞ «ኢምፕ» በሚባለው የፓይተን ሞጁል እሠራው ነበር፤ አሁን የለም ይለኛል።

መልስ፦ «ኢምፕ» ከፓይተን 3.4 ጀምሮ እንደሚቀር ሲነገር ቆይቶ በ3.12 ወጥቷል። ተተኪው በ«ኢምፖርትሊብ.ዩቲል» ውስጥ ነው። በ«ስፔክ_ፍሮም_ፋይል_ሎኬሽን» ስሙንና የፋይሉን አድራሻ ሰጥተሽ የመጫኛ ዝርዝሩን ታገኛለሽ፤ በ«ሞጁል_ፍሮም_ስፔክ» ባዶውን ሞጁል ትፈጥሪያለሽ፤ በመጨረሻ የጫኚውን «ኤክሴክ_ሞጁል» ጠርተሽ ኮዱን ታስፈጽሚያለሽ። በዚህ መንገድ ስትጭኚ መዝገቡ ላይ የሚያሰፍርልሽ የለም፤ ከማስፈጸምሽ በፊት ራስሽ በ«ሲስ.ሞጁልስ» ውስጥ አስገቢው። ይህ ሲዘለል የሚመጣው ስህተት ግራ ያጋባል፤ ለምሳሌ የዓይነት መግለጫዎቹ በጽሑፍ መልክ የተቀመጡበት ዳታክላስ (መስኮቹ ከነዓይነታቸው ተዘርዝረው የሚጻፍ ክላስ) ያለው ፕለጊን ገና ሲጫን «ኖንታይፕ ዲክት የለውም» ብሎ ይወድቃል። ዳታክላሱ የራሱን ሞጁል በመዝገቡ ፈልጎ ሲያጣ ነው እንዲያ የሚለው። ለስሙም «ፕለጊን_» የሚል ቅድመ ቅጥያ ስጪው፤ «ጄሰን» የሚባል ፕለጊን ቢመጣ የፓይተንን የራሱን «ጄሰን» በመዝገቡ ላይ ይተካዋል።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሜ ራሱ አዲስ ፋይል ጽፎ ወዲያው ይጭነዋል። አንዳንዴ ያገኘዋል፣ አንዳንዴ የለም ይላል።

መልስ፦ ፓይተን የፎልደሩን የፋይል ዝርዝር በትውስታ ይይዛል፤ ዝርዝሩን የሚያድሰው ፎልደሩ የተቀየረበት ሰዓት ሲለወጥ ነው። ጽሑፉና ጭነቱ በጣም ከተቀራረቡ ለውጡ ሳይታይ ያልፋል። ከመጫንዎ በፊት «ኢምፖርትሊብ.ኢንቫሊዴት_ካሽስ»ን ይጥሩ።

ጥያቄ፦ ፕለጊን ከሌለ ፕሮግራሙ እንዲቀጥል «ኢምፖርትኤረር»ን ይዤ አልፈዋለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ፕለጊኑ ኖሮ፣ እርሱ የሚፈልገው ሌላ ላይብረሪ ባይኖርም የሚነሣው ስህተት ያው ነው፤ ፕለጊኑ ሳይጫን ይቀራል፣ ተጠቃሚውም ምክንያቱን አያውቅም። ከ3.6 ጀምሮ «ሞጁልኖትፋውንድኤረር» የሚባል አለ፤ እርሱን ብቻ ይዘህ «ኔም» የሚለውን መስኩን ተመልከት። ያልተገኘው ፕለጊኑ ራሱ ከሆነ እለፈው፤ ሌላ ስም ከሆነ ስህተቱን መልሰህ ወደ ላይ ላከው።

ጥያቄ፦ ሞጁሎቼን በአማርኛ ብሰይማቸው ይጫናሉ?

መልስ፦ ይጫናሉ፤ ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደላትን በስም ውስጥ ይቀበላል። ነገር ግን «ሒሳብ» እና «ሂሳብ» ለእርሱ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ፋይሉን በአንዱ ጽፈው በሌላው ቢጠሩት አያገኘውም፤ ዓይን ደግሞ ልዩነቱን ቶሎ አይለየውም። ከአንድ በላይ ሰው በሚሠራበት ፕሮጀክት የትኛው ሀ፣ የትኛው ሰ፣ የትኛው ጸ እንደሚጻፍ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሌላም ላክል፦ በአኃዝ የሚጀምር ወይም ሰረዝ ያለበት የፋይል ስም፣ ለምሳሌ «2017-ሪፖርት»፣ በተለመደው «ኢምፖርት» አይጻፍም፤ በ«ኢምፖርት_ሞጁል» ግን ይጫናል። ነጥብ ብቻ አይግባበት፤ ነጥብ የፓኬጅ መለያ ነው።

ጥያቄ፦ ተጠቃሚው በድረ ገጹ ላይ የሞጁሉን ስም መርጦ እንዲያስጭን ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ከዝርዝር ይምረጥ እንጂ ስም ጽፎ አይላክልህ። ሞጁል መጫን ማለት ኮድ ማስፈጸም ማለት ነው፤ አንድም ፋንክሽን ሳትጠራ፣ ገና ሲጫን በውስጡ ያለው ሁሉ ይሠራል። የሚፈቀዱትን ስሞች በዲክሽነሪ ጻፍ፤ ከተጠቃሚው የሚመጣው ቁልፉ ብቻ ይሁን፤ በዲክሽነሪው የሌለ ቁልፍ ከመጣ ጥያቄውን ሰርዝ። የማታውቀው ሰው የጻፈውን ፕለጊን የምትቀበል ከሆነ ይህም አይበቃህም። በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ፓይተንን በፓይተን ማጠር አይቻልምና ፈቃዱ በተገደበ የተለየ ፕሮሰስ ወይም ኮንቴይነር ውስጥ አሠራው።

ጥያቄ፦ በእኔ ኮምፒውተር ይሠራል፤ በፓይኢንስቶለር (ፕሮግራምን ከነፓይተኑ በሚያሽግ መሣሪያ) አሽጌ ለደንበኛ ስሰጠው ግን ሞጁሉን አላገኘሁም ይላል።

መልስ፦ ፓይኢንስቶለር ምን ማሸግ እንዳለበት የሚያውቀው በኮዱ ውስጥ የተጻፉትን የኢምፖርት መስመሮች አንብቦ ነው። በጽሑፍ መልክ ከሌላ ቦታ የሚመጣውን ስም ሊያይ አይችልም። «ሂደን ኢምፖርት» በሚለው አማራጭ እያንዳንዱን ሞጁል በስሙ ይንገሩትና እንደገና ያሽጉት።