ተዝካሩ ያልወጣለት ወንድም

ውድ ጠያቂ፣ በደርግ ዘመን ለብሔራዊ ውትድርና ከቢቸና አካባቢ የተወሰደው ታላቅ ወንድምዎ ኤርትራ ላይ እንደሞተ ሲነገርዎ አድገው፣ አሁን አክስትዎ «ሱዳን ታይቷል» ማለታቸው እውነት ሊሆን ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል።

ሊሆን ይችላል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ከኤርትራ ወደ ሱዳን ተሻግረዋል። ልቤን የነካው ግን እናትዎ ተዝካሩን ሳያወጡ ጋቢውን አጥበውና አጣጥፈው በሣጥን ማስቀመጣቸው ነው። በእኛ በጎጃም የልጇን ሞት ያመነች እናት ተበድራም ቢሆን ተዝካር ታወጣለች። የእኔም አያት ለወንድማቸው ተዝካር አላወጡም ነበር፤ ዝምታቸው ውሸት ሳይሆን ተስፋ እንደነበረ የገባን እጅግ ዘግይቶ ነው።

ስለዚህ እናትዎን «ለምን ደበቁኝ?» ብለው አያስጨንቋቸው፤ ቡና ሲፈላ ስለ ጋቢው ይጠይቋቸው። የንስሐ አባታቸውንም አይጠይቁ፤ በንስሐ የሰሙትን መናገር አይችሉምና። የክርስትና ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀበሌና ደብር ጽፈው ወደ ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ ይሂዱ፤ ማኅበሩ ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር በመሆን የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያለ ክፍያ ያፈላልጋል። «አግኝቸዋለሁ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ አይስጡ።

ወንድምዎ ነው የተባለ ሰው ከተገኘ፣ የአንድ እናትና አባት ልጆች በአማካይ የዘረመላቸውን ግማሽ ያህል ስለሚጋሩ፣ የዲኤንኤ ምርመራ ጥርጣሬውን ይፈታዋል። እስከዚያ ድረስ ግን እናትዎ ምንም ባይሰሙ እመርጣለሁ።