ፒኮቹን የበላቸው ውሃው ነው

«ጋሼ፣ ካንሰርን የሚከላከለውን የፒ53 ፕሮቲን መጀመሪያ፣ ከ1ኛው እስከ 61ኛው አሚኖ አሲድ ያለውን ክፍል፣ በናይትሮጅን-15 (በኤንኤምአር በሚታየው የናይትሮጅን ዓይነት) አሳድጌ አጠራሁት። ኤችኤስኪውሲ (እያንዳንዱን የተያያዘ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን እንደ አንድ ነጥብ፣ እንደ ፒክ፣ የሚያሳየውን የኤንኤምአር ልኬት) ስወስድ 60 ፒክ ጠብቄ 30 ገደማ ብቻ መጣልኝ። እነሱም መሐል ላይ ተፋፍገዋል። ቡፈሩ (ፒኤቹን የሚያጸናው ፈሳሽ) ትሪስ፣ ፒኤች 8፣ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ነው። የላብ ጓደኞቼ ‹ተበላሽቷል፣ ድፊው› ይሉኛል።»

እህቴ፣ እንዳትደፊው!

መጀመሪያ ሒሳቡን እናስተካክል። ፕሮሊን የሚባለው አሚኖ አሲድ ናይትሮጅኑ ላይ ሃይድሮጅን ስለሌለው ኤችኤስኪውሲ አያየውም። አንቺ የያዝሽው ክፍል ውስጥ ደግሞ 10 ፕሮሊን አለ። የመጀመሪያው አሚኖ አሲድም አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ከጀርባ አጥንቱ፣ ማለትም ከፕሮቲኑ ዋና ሰንሰለት፣ የምትጠብቂው 50 ነው። ታግ (ለማጥራት የቀጠልሽውን ቅጥያ) ስትቆርጪ የተረፈ ነገር ካለ እሱን ደምሪበት።

መፋፈጉ አያስደንግጥሽ። ይህ የፒ53 ክፍል ብቻውን ሲሆን ቅርጽ የለውም፤ እንደ ልቅ ክር ነው። እንዲህ ያለ ፕሮቲን ፒኮቹ በሃይድሮጅን በኩል ከ7.8 እስከ 8.6 ፒፒኤም (የፒክ ቦታ መለኪያ ነው) ባለችው ጠባብ ቦታ ይታጨቃሉ። ተፈጥሮው ነው።

የጠፉት 20ዎቹስ? ውሃው በልቷቸዋል። የታጠፈ ፕሮቲን ሃይድሮጅኖቹን ይደብቃል። ያንቺው ግን ራቁቱን ነው፤ ሃይድሮጅኑን ከውሃው ጋር ሲለዋወጥ ይውላል። ልውውጡ ሲፈጥን ፒኩ ይሰፋል፣ ይደበዝዛል፣ በመጨረሻ ይጠፋል። ሴሪን፣ ግላይሲንና አስፓራጂን ቀድመው ይሄዳሉ። ፒኤች በ1 ሲወርድ ልውውጡ ወደ 10 እጥፍ ይቀንሳል። ከ8 ወደ 6.5 ብትወርጂ 30 እጥፍ ገደማ አተረፍሽ ማለት ነው። ሙቀቱን ወደ 15 ዲግሪ ስታወርጂው ደግሞ ሌላ ብዙ ታተርፊያለሽ። ፕሮቲንሽ በጣም አሲዳማ ስለሆነ 6.5 ላይ ይዘቅጣል ብለሽ አትስጊ።

ትሪሱን ግን ተይው። እኔን አንዴ ጉድ ሠርቶኛል። ትሪስ ሲቀዘቅዝ ፒኤቹ ይወጣል፣ በየዲግሪው 0.03 ያህል። ከ37 ወደ 15 ዲግሪ ስወርድ ሳላውቀው 0.6 ጨምሬ፣ ማቀዝቀዙ ለምን እንዳልረዳኝ ስፈላሰፍ ከረምኩ። 6.5 ላይ ደግሞ ትሪስ ቡፈር አይባልም። 20 ሚሊሞላር ፎስፌት፣ 50 ሚሊሞላር ጨው ይበቃሻል። ክራዮፕሮብ (የቀዘቀዘው የኤንኤምአር ሲግናል መቀበያ) ጨው አይወድም።

ሌላው የውሃው ሲግናል ነገር ነው። ውሃውን በፕሪሳቹሬሽን (ሲግናሉን አስቀድሞ በሬዲዮ ሞገድ በማጥፋት) እያፈንሽ ከሆነ፣ ከውሃው ጋር የሚለዋወጡትን ፒኮችም አብረሽ እያፈንሻቸው ነው። ፍሊፕ-ባክ (የውሃውን ሲግናል ከማጥፋት ይልቅ ወደ ቦታው የሚመልሰው ዘዴ) ያለውን የፐልስ ፕሮግራም ጫኚ።

ፕሮቲንሽ በእርግጥ ተቆርጦ እንደሆነ ለማወቅ፣ 10 ፒፒኤም አካባቢ ያለችውን ጥግ እዪ። ትሪፕቶፋኖችሽ 23ኛውና 53ኛው ናቸው፤ ሁለት የጎን ሰንሰለት ፒክ ብቻ መኖር አለበት። ሦስትና አራት ከሆኑ ጠርጥሪ። ከሦስት ቀን በኋላ ያንኑ ቲዩብ ድገሚው። በናይትሮጅን በኩል 125 ፒፒኤም አልፎ አዲስ ቀጭንና ጠንካራ ፒክ ከበቀለ፣ ፕሮቲኤዝ (ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም) አዲስ ጫፍ ፈጥሯል። ጓደኞችሽ ልክ የሚሆኑት ያኔ ነው።

አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ወደፊት ኤምዲኤም2ን (ከፒ53 ጋር የሚጣበቀውን ፕሮቲን) ስትጨምሪ ከ19ኛው እስከ 26ኛው አካባቢ ያሉት ፒኮች እንደገና ይጠፉብሻል። ያኔ ቦታቸውን ያስለቀቃቸው መጣበቁ ነው። ብቻ ኤምዲኤም2ውን በዚያው ቡፈር ዳያላይዝ ሳታደርጊ (ፈሳሹን በስስ ሽፋን በኩል በዚያው ቡፈር ሳትተኪ) እንዳትጨምሪ፤ ፒኤቹ ትንሽ ከተንሸራተተ የቱ ከመጣበቅ፣ የቱ ከፒኤች እንደመጣ መለየት ያቅትሻል።