በክሎኒንግ የሚወለድ ልጅ ነፍስ ይኖረዋልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላምዎ ይብዛ። ብቸኛ ልጁን ሞት የነጠቀው ወዳጅ አለኝ። በቀደም «ከልጄ ሕዋስ ወስደው በክሎኒንግ ቢመልሱልኝ ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው?» አለኝ፤ መልስ አጣሁ። እንዲህ የሚወለድ ሰውስ ነፍስ ይኖረዋል? መጠመቅስ ይችላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለወዳጅዎ እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጥልን።

ከኋለኛው ልጀምር። በዚህ መንገድ ሰው መወለዱ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ቢወለድ ግን ነፍስ ይኖረዋል፤ ይጠመቃል፣ ይቆርባልም። ነፍስን የሚሰጥ እግዚአብሔር ነውና። በዝሙት የተፀነሰ ሕፃን በወላጆቹ በደል ከጥምቀት እንደማይከለከል ሁሉ፣ ይህም ልጅ በሠሪዎቹ ሥራ አይጠየቅም። «ሙሉ ሰው አይደለም» የሚል ቢመጣ አጥብቄ እቃወመዋለሁ።

ወደ አባትየው ልመለስ። ክሎኒንግ ማለት የሴት እንቁላል ኒውክለስ (ዘረ መልን የያዘው የሕዋስ ማዕከል) ወጥቶ በምትኩ ከሌላ ሰው ሕዋስ የተወሰደ ኒውክለስ ሲገባበት ነው። ከዚያ ፅንሱ በማኅፀን ያድጋል። የሚወለደው እንግዲህ ሕይወትን ሀ ብሎ የሚጀምር ሌላ ሕፃን ነው፤ መልኩ ይመስል ይሆናል እንጂ ያ ልጅ አይደለም። ከአንድ ፅንስ ተከፍለው የሚወለዱ መንትዮችን ያስቡ። ዘረ መላቸው አንድ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሲሞት ሌላው አለ ብለን ሐዘን አናስቀርም። ሔዋንም ከአቤል በኋላ እግዚአብሔር ሌላ ዘር ሲተካላት፣ ልጁን «ሴት» ብላ ሰየመችው እንጂ በአቤል ስም አልጠራችውም (ዘፍ. 4፥25)።

ኃጢአቱ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ያ ሕፃን ገና ሳይወለድ የሌላ ሰው ሆኖ እንዲኖር ተፈርዶበታል። ሲስቅ ከሟቹ ሳቅ፣ ሲያጠፋ ከሟቹ ጠባይ ጋር ይመዘናል። ልጆች የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው (መዝ. 126፥3)፤ ስጦታ ደግሞ በልክ አይታዘዝም። ይህን ስጽፍ ልቤ የሚያዝነው ለአባትየውም ለዚያ ላልተወለደው ልጅም ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በስኮትላንድ ዶሊ የተባለችው በግ ስትወለድ፣ በ277 እንቁላሎች ተሞክሮ ለመወለድ የበቃችው እርሷ ብቻ ነበረች። በሰው ቢሞከር በየመንገዱ የሚቀሩት እግዚአብሔር በማኅፀን የሚያያቸው ፅንሶች ናቸው። ለሕክምና ተብሎ ፅንስ ፈጥሮ ማጥፋትንም የማልቀበለው በዚሁ ምክንያት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2005 ከሰው ክብር ጋር የማይስማማ የሰው ክሎኒንግ ሁሉ እንዲከለከል አሳስቧል፤ ውሳኔው ግን አስገዳጅ አልነበረም።

ለወዳጅዎ ይህን ሁሉ አሁን አይንገሩት። ዳዊት ልጁ በሞተበት ጊዜ «እኔ ወደ እርሱ እሄዳለሁ እንጂ እርሱ ወደ እኔ አይመለስም» ያለውን (2ኛ ሳሙ. 12፥23) አብራችሁ አንብቡት። የልጁን ስም እየጠሩ ስለ እርሱ ያጫውቱት፤ ለነፍሱ በሚጸለይበት ቀንም አብረውት ይቁሙ።