ክሊኒኩን ልግዛው ወይስ የራሴን ልክፈት ላልሽኝ ዶክተር

ሰላም ዶክተር፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። ባጭሩ ያልሽኝ ይሄ ነው፣ ሦስት ዓመት ተቀጥረሽ የሠራሽበት የጥርስ ክሊኒክ ባለቤት ጡረታ ሊወጡ ነው፣ "አንቺ ውሰጂውና እኔም ልረፍ" ብለውሻል፣ አንቺ ደሞ እቃው ሁሉ አርጅቷል በዛ ገንዘብ ከዜሮ አዲስ ብከፍትስ እያልሽ እንቅልፍ አጥተሻል።

እኔ ጥርስ ሐኪም አይደለሁም፣ አፉን ከፍቶ ከሚተኛው ወገን ነኝ። ግን ሲከፍቱም ሲገዙም ሲዘጉም አብሬያቸው ቁጭ ያልኩ ሐኪሞች አሉ፣ እና ሁሉም ማለት ይቻላል ገና እንደገቡ የሚያዩት ወንበሩን ነው። ስንት ዓመቱ ነው፣ ኤክስሬዩ ዲጂታል ነው ወይ፣ ኮምፕረሰሩ ዘይት ይተፋል ወይ። ይታይ፣ አልከለክልሽም፣ ግን ወንበርማ ገንዘብ ካለሽ ነገም ትገዣለሽ። እሳቸው የሚሸጡልሽ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ የሚመጣውን ሰው ነው፣ የሂሳብ ሰዎች ጉድዊል ብለው ዋጋ የሚቆልሉበት እሱን ነው።

ስለዚ ካርድ ክፍል ግቢ። "አምስት ሺህ ታካሚ አለኝ" ቢሉሽ ዋሹ አትበይ፣ አምስት ሺህ ካርድ አለኝ ማለታቸው ነው፣ እዛ ውስጥ የሞተም አለ፣ አገር የለቀቀም አለ፣ አንዴ ጥርሱን አስነቅሎ በዛው የቀረም አለ። የምትቆጥሪው ባለፉት 18 ወይም 24 ወራት ብቅ ያሉትን ነው። እሳቸውን አስፈቅደሽ ዝም ብለሽ ከየቦታው መቶ ካርድ ምዘዢና መጨረሻ የመጣበትን ቀን፣ ምን እንደተሠራለትና ቀጣይ ቀጠሮ መኖር አለመኖሩን ጻፊ። አንዷ ይሄን ስታደርግ በስልክ አብሬያት ነበርኩ፣ ስም ሳትጠራ (ስም እንዳትጠሪ፣ የታካሚ ሚስጥር ነው) ቀኑን ብቻ ታነብልኛለች እኔ እጽፋለሁ፣ ሰላሳ ምናምን ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ዝም አልን፣ ምክንያቱም አብዛኛው ቀን እዛው አንድ ሰሞን ላይ ቆሟል። ለካ ባለቤቱ ያኔ ታመው ለወራት ዘግተው ነበር፣ ሰዉ ሌላ ጋ ሄዶ አልተመለሰም። ወንበሩ ግን አዲስ ነበር፣ ያብረቀርቅ ነበር።

ያንቺ ጥሩ ነገር ታካሚው መልክሽን ያውቀዋል። ሪሴፕሽኗን ጠይቂያት፣ ሲደውሉ "እሳቸው አሉ?" ነው የሚሉት ወይስ "ዶክተሯ አለች?" ብዙው እሳቸውን የሚል ከሆነ በአንድ ቀን እንዲወጡ አትፍቀጂ፣ ለጥቂት ወራት በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ ራሳቸው ወንበሩ ጋ "ከዚህ በኋላ እሷ ናት የምታይህ" እንዲሉ ውሉ ላይ ይግባ። ሪሴፕሽኗንም እንዳታጪያት፣ መርፌ የሚፈራውን፣ ቀጠሮ የሚረሳውን፣ ለልጆቹ የሚከፍለው ማን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት፣ ይሄ ካርድ ላይ አይጻፍም።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈውና እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝ ነገር፣ ያላለቀ ሥራ። ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ተተክሎለት አጥንቱ እስኪይዝ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚጠብቅ፣ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) አድርጎ ገና ዓመት ተኩል የሚቀረው፣ ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና) ተሠርቶለት ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍነው ቆብ) ያልገባለት፣ እነዚህ ብዙዎቹ ገንዘቡን ከፍለው ጨርሰዋል። አንድ የማውቀው ልጅ ገዝቶ የመጀመሪያው ወር ቀጠሮ ጢም ብሎ ሞልቶለት ደስ ብሎት ነበር፣ ሥራው ግን ግማሽ በግማሽ ለቀድሞው ባለቤት የተከፈለበት ሆኖ ተገኘ፣ ማቴሪያሉን ከኪሱ እያወጣ በነጻ ሲሠራ ከረመ። ስለዚ ርክክቡ ቀን ላይ ያላለቀው ሁሉ በዝርዝር ይጻፍ፣ ምን ያህል እንደተከፈለና ምን እንደቀረ ይታወቅና ከዋጋው ይቀነስ። እሳቸው የሠሩት ክራውን በኋላ ቢወልቅ ወጪውን ማን ይችላል የሚለውም እንደዛው። የኪራይ ውሉን ደሞ አከራዩ ባንቺ ስም ለማዞር በጽሑፍ ካልተስማማ ሌላውን ሁሉ ተይው።

ከዜሮ ልክፈት ካልሽ ዕዳው ከመጀመሪያው ቀን ይቆጥራል ታካሚው ግን ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፣ እና ለእቃ ብቻ ሳይሆን ባዶ ወንበር አጠገብ ለምትቀመጪባቸው ወራት ደሞዝና ኪራይ መያዝ አለብሽ። በአንድ ወንበር ጀምሪ፣ ግን ወለሉ ሲሠራ የውሃ፣ የአየር፣ የሳክሽን (የምራቅ መሳቢያ)ና የፍሳሽ መስመሩን ለሁለት ለሦስት ወንበር አስቀብሪ፣ ታካሚ ከለመደሽ በኋላ ወለል መቆፈር ማለት ክሊኒክ መዝጋት ነው።

አንድ ነገር ደሞ ስትደራደሪ በልብሽ ያዥ፣ እሳቸው ባይሸጡልሽ መዝጋት በነጻ አይደለም። ታካሚዎችን ቀድሞ ማሳወቅ አለ፣ ካርዶቹን ሕግ እስከሚለው ዓመት ድረስ የሚያስቀምጥ ሰው መፈለግ አለ፣ ኤክስሬዩ ለጨረር ተቆጣጣሪው ሳይነገር ወጥቶ አይጣልም፣ ኢንሹራንሱም ከተዘጋ በኋላ ለሚመጣ ክስ መቀጠል ሊኖርበት ይችላል። የተጠራቀመ አማልጋም (ብርማ የጥርስ መሙያ) ካለ ደሞ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ስለሆነ ቆሻሻ ውስጥ አይገባም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ሜርኩሪን የሚገድበው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነትም አማልጋም እየቀነሰ ሄዶ እንዲቀር ነው የሚለው፣ መጋዘን ውስጥ ያለውን አማልጋም እንደ ንብረት ቆጥረው እንዳይሸጡልሽ። ይሄን ያነሳሁት አስጨንቀሽ ዋጋ እንድታወርጂ አይደለም፣ የሚያስተምሩሽ ሰውዬ ናቸው፣ ብቻ እሳቸውም አንቺን እንደሚፈልጉሽ እወቂው።

እኔን ካልሽኝ ወደ መግዛቱ አደላለሁ፣ ያረጀውን ወንበር ቀስ ብለሽ ትቀይሪዋለሽ። ግን ቆጠራውን ሳላይ አልምልልሽም። መቶውን ካርድ ቆጥረሽ ስንቱ ባለፉት ሁለት ዓመታት እንደመጣ ላኪልኝ፣ ስለ ዋጋው ከዛ እናወራለን።